ለእናቴ የጁላይ 4ን በዓል ያሳዩልኝ የዲሲው ሹፌር ጋሼ

ምስጋናዬ በስልክ ብቻ ተነግሮ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ነው ይህን የምጽፈው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ አልጠራም። እናቴ ግን በጸሎቷ ሳታነሳቸው አታድርም።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ የምትሄደው በዊልቸር ነው። ልትጠይቀኝ አሜሪካ ስትመጣ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሰዎቹ በዋና ከተማቸው በዓላቸውን ሲያከብሩ ልየው።» ጁላይ 4 የአሜሪካ የነጻነት ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ማለት ነው። እኔ የምኖረው ሌላ ስቴት ስለሆነ ዲሲን አላውቀውም። ከዚያ የባሰው ጭንቀቴ ግን እናቴ የፍንዳታ ድምፅ አለመቻሏ ነው። በጦርነት ጊዜ ያየችው ነገር አለ። በር በድንገት ሲላተም እንኳ ደረቷን ይዛ ትቀመጣለች። የበዓሉ ማሳረጊያ ደግሞ ርችት ነው።

በዋዜማው ከአየር ማረፊያ የተቀበሉን ጋሼ ነበሩ። መንገድ ላይ አንድ ሞተር ሳይክል አጠገባችን ሲያጓራ እናቴ ክው አለች። በመስታወቱ አዩዋት፤ ምንም አልተናገሩም። ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣ ሲያወርዱ ግን ጠጋ ብለው፣ «እማማን ነገ ማታ የት ልትወስጃቸው አስበሻል?» አሉኝ።

«ናሽናል ሞል፣ መሀል ከተማው ያለው ሰፊ ሜዳ፣ ሣሩ ላይ» አልኳቸው።

«አይሆንም ልጄ። ርችቱን የሚተኩሱት ከሊንከን መታሰቢያ ፊት ለፊት ካለው ረጅሙ ኩሬ አካባቢ ነው። ሞሉ ላይ ከሆንሽ ደረትሽ ውስጥ ነው የሚፈነዳው። በምክር ቤቱ ህንጻ፣ በካፒቶል በኩል ያለውም ኮንሰርት አይሆንላቸውም፤ ወደ መጨረሻው እውነተኛ መድፍ ይተኮሳል። ቀኑን ለእኔ ተዪልኝ።»

ተውኩላቸው። ጠዋት በሰዓታቸው መጡ። ኮንስቲትዩሽን ጎዳናና ዙሪያው ለመኪና ዝግ ስለነበር ከሰሜን በኩል አቁመው ዊልቸሩን ራሳቸው እየገፉ እስከ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ አደረሱን። እኔ ልግፋ ብል አልሰጡኝም። የመረጡልን ቦታ ከትልቁ ደረጃ ፊት ለፊት፣ ጥላ ያለበት ነበር። ይህን ምርጫ ለሌላውም እመክራለሁ፤ ከአንድ ቦታ ሳይነሱ ሁለት ነገር ይታያል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ደረጃው ላይ የነጻነት አዋጁ በዚያን ዘመን አለባበስ በተዋቡ ሰዎች ይነበባል። ከዚያ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የበዓሉ ሰልፍ እዚያው አጠገብ ካለው 7ኛ መንገድ ተነስቶ ፊት ለፊታችሁ ያልፋል።

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ጋሼ ቁጢጥ ብለው በጆሮዋ ይተረጉሙላት ነበር። «ወረቀቱ አሁን የት አለ?» ስትላቸው «እዚሁ፣ ይሄ ህንጻ ውስጥ» አሏት። ከዚያ ወጉ መጣ። ኮንግረሱ ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የሰጠው በ1776 ጁላይ 2 ነው፤ ጽሁፉ የጸደቀው ጁላይ 4፤ ከ56ቱ ፈራሚዎች አብዛኞቹ የፈረሙት ደግሞ ኦገስት 2 ነው። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ትውልድ የሚያከብረው ቀን ጁላይ 2 እንደሚሆን ገምቶ ነበር። የጽሁፉ ዋና ደራሲ ቶማስ ጀፈርሰንና ይኸው አዳምስ ግን በ1826፣ ልክ በ50ኛው ዓመት፣ ሁለቱም ጁላይ 4 ቀን አረፉ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና «ሁለቱም? በአንድ ቀን?» እያለች ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ሰልፉ ደረሰ። ከየስቴቱ የመጡ የተማሪዎች የሙዚቃ ቡድኖች፣ ወታደሮች፣ በገመድ የሚጎተቱ ግዙፍ ፊኛዎች አለፉ። እኔ ዓይኔን ከእናቴ ላይ አላነሳሁም። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው የሚመጣውን ቀድመው ያዩና «እማማ፣ አሁን ከበሮ ይመጣል፤ ትልቅ ነው» ይሏታል። ከበሮው ሲመታ እሷ ተዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ለካ የምትፈራው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ድንገተኛነቱን ነው። አብሬያት የኖርኩት ልጇ ያላስተዋልኩትን በአንድ ቀን ያወቋት ሰው አስተዋሉት። ይህን ስጽፍም እንባዬ ይመጣል።

የዲሲ ፀሐይ ኃይለኛ ስለነበር ሰልፉ ሳያልቅ ወደ ሆቴል መለሱን። አረጋዊ ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ ደጅ ለመዋል አትሞክሩ፤ ማረፍ ግድ ነው።

ማታ የወሰዱን ከዩ ስትሪት በላይ፣ 13ኛ መንገድ ላይ ካርዶዞ ትምህርት ቤት ወዳለበት ኮረብታ ነው። ከተማው ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል፤ ከመሀሉ 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልት ቆሟል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ቀድመን ደርሰን ዊልቸሩን ጥግ አስያዝን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ሊሆን ሲል ጋሼ አጠገቧ ቆሙና እንዲህ አሏት፦

«እማማ፣ እዚህ ብርሃኑ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ድምፁ ኋላ ነው። ርቀቱ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ እስኪደርስ አስር ይቆጠራል። ይቁጠሩ።»

የመጀመሪያው ርችት ፈካ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አለች። አስር ብላ ትንሽ ስትቆይ ድምፁ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ደረሰ። ዞር ብላ አየችኝ። ሁለተኛውንም ቆጠረች፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ መቁጠሩን ረሳችው፤ እጄንም ለቀቀችው። አጠገባችን የቆመ አንድ ሕፃን በጮኸ ቁጥር አብራው ትስቅ ነበር።

የከፈልኳቸው ከመጀመሪያው የተስማማነውን ብቻ ነው። ለቆሙበት ሰዓት ልጨምር ብል «እኔም እኮ በዓሉን አብሬ አየሁ» ብለው መለሱልኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

እናት አባቱን ይዞ ዲሲ የሚሄድ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ፈቅደውልኛልና ስልካቸውን እልካለሁ። ለጁላይ 4 ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዟቸው። የመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታጠፍ ዊልቸር እንጂ የማይታጠፍ አይችልም። ስትደውሉም የምታመጡት ሰው ምን እንደሚያስደነግጠው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።