ከገንዳው በፊት ሙቅ ውሃው፦ ቦይለር፣ ሶላር፣ ኢንስታንት ወይስ ድስት?

ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ገላን አካባቢ ቤት ሠርቶ የሚጨርስ ሰው መታጠቢያ ቤቱ ላይ ሲደርስ ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ገንዳው ላይ ነው። ገንዳው ተገዝቶ፣ ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ቦይለሩ ግማሹን እንኳ ሳያሞቅ ይቀራል። ያ ውድ ገንዳም የፈረቃ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ግዢው መጀመር ያለበት ከሙቅ ውሃው መጠን ነው።

1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ 150 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል ማለት ነው። ለመዘፍዘፍ የሚመቸው ሙቀት ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ነው። የሮቶው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ ቦይለሩ ደግሞ 65 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ፣ ለ150 ሊትር ወደ 70 ሊትር ሙቅ ውሃ ይገባል፤ ቀሪው ቀዝቃዛ ነው። ይህን ቁጥር ይዘው ሱቅ ይግቡ።

ቦይለር

ባለ 50 ሊትሩ ለሻወር በቂ ነው፣ ለገንዳ ግን አይደርስም። ሙቁ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሥር ስለሚገባ፣ 50 ሊትሩ እስኪያልቅ በዚያው ሙቀት አይዘልቅም። ባለ 80 ሊትሩ 150 ሊትሩን ለጥቂት ያደርሳል። ከ18 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ረዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ) 1.5 ኪሎዋት ከሆነ ሦስት ሰዓት ግድም መጠበቅ አለ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ትልቁ ጥቅሙ የሞቀውን ይዞ ማቆየቱ ነው። ቀን መብራት ሲኖር ሞቆ፣ ማታ ቢጠፋም ገንዳው ይሞላል።

የሚበላሸው በአብዛኛው በውሃው ምክንያት ነው። ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ረዚስታንሱ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ማሞቁ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግ (አኖድ) እየተበላ የሚያልቅ ዕቃ ነው። በየዓመቱ ይታይ፣ ቀጥኖ ከተገኘም ይቀየር። ሲገዙ «አኖዱ ለብቻው ይገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የምትታሰረው ሴፍቲ ቫልቭ ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ብትል ጤናማ ነው። ነጠብጣቡ አስጠላኝ ብሎ መድፈን ግን ጋኑን ወደ ፈንጂ መቀየር ነው። ቧንቧ ሲደርቅ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዘውም እሷው ናት።

ሶላር

የራሱ ቤት ላለው ሰው ከሁሉም የምናስቀድመው ይህን ነው። ባለ 200 ሊትር የቫኪዩም ቱቦ ሶላር በበጋ ከሰዓት በኋላ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት ለአንድ ገንዳ 80 ሊትር ቢወጣ ለሌላ ሰው ይተርፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ሲጨፍን ግን ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ረዚስታንስ አብሮት ያለውን ይምረጡ፤ የሌለውን ገዝቶ በክረምት ማማረር አያዋጣም።

ሁለት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው የሮቶው ከፍታ ነው። ግፊት የማይችለው ዓይነት ሶላር ከሮቶው በታች መቀመጥ አለበት፤ ሮቶው ከጣሪያው ባነሰ ማማ ላይ ሆኖ ሶላሩ ጣሪያ ላይ ከወጣ ውሃ አይደርሰውም። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ጋኑ ሲደርቅ ባዶዎቹ ቱቦዎች በፀሐይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላሉ። የፈረቃው ውሃ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ቀዝቃዛው በድንገት ሲገባባቸው ይሰነጠቃሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጋኑ ከደረቀ መግቢያውን ዘግቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ሲነጋ መክፈት።

ኢንስታንት ሻወር

ውሃውን ሳያጠራቅም እያለፈበት የሚያሞቅ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግድግዳ አያጨናንቅም። ለመዘፍዘፍ ግን አንመክረውም። ባለ 5.5 ኪሎዋቱ ውሃን በ22 ዲግሪ ከፍ እያደረገ በደቂቃ 3.6 ሊትር ብቻ ይሰጣል። ገንዳው እስኪሞላ 40 ደቂቃ ያልፋል፣ መጀመሪያ የገባው እየቀዘቀዘ። 25 አምፔር ስለሚስብ ለብቻው የተዘረጋ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ ባለ 32 አምፔር ብሬከርና እውነተኛ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ይፈልጋል። ምጣድ ከተሰካበት ሰዓት ጋር ሲገናኝ ቆጣሪው ይዘጋል። ከዝቅተኛ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ደግሞ ግፊቱ አንሶ ማሽኑን ሳያስነሣ ሊቀር ይችላል።

ድስት

ለተከራይ ሰው ይህ ከሁሉም የተሻለ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,350 ሜትር ግድም ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ያነሰ። ለ150 ሊትር 45 ሊትር የፈላ ውሃ ያስፈልጋል፤ ሦስት ትልልቅ ድስት ነው፣ አድካሚ ነው። ነገር ግን ገንዳውን በተቆረጠ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ብንተካውስ? ጉልበት አጥፎ የሚቀመጥ ሰው ትከሻው ድረስ በ90 ሊትር ይሸፈናል፤ ለዚህ 27 ሊትር የፈላ ውሃ ይበቃል። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ያለው ሰውም በዚሁ በርሜል ይገላገላል። በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳያረጋግጡ ግን አይግዙ፤ የምግብ ዘይት የነበረበት ታጥቦ ይጸዳል፣ ኬሚካል የነበረበት አይታመንም።

ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ የፈላው ይከተል። አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) ገንዳ የፈላ ውሃ በቀጥታ ሲፈስበት ይጣመማል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ለደቂቃም ቢሆን የፈላ ውሃ ብቻ የያዘ ገንዳ መኖር የለበትም። የከሰል ምድጃ ወደ መታጠቢያ ቤት ፈጽሞ አይግባ። በር ተዘግቶ የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ገንዳው ራሱ

አክሪሊክ ሙቀት ይይዛል፣ ቀላል ነው፤ ሥሩ ግን በደንብ ካልተደገፈ ይሰነጠቃል። በሲሚንቶ ተገንብቶ ሴራሚክ የለበሰው ያምራል፤ ቀዝቃዛው ግድግዳ ግን የውሃውን ሙቀት ይጠጣዋል። ይህን የመረጠ ሰው በመጀመሪያ ጥቂት ሙቅ ውሃ አፍስሶ ግድግዳውን ያሙቅ፣ ቦይለሩም ከ100 ሊትር አይነስ።

የሚሞላበት ሰዓትም ወጪ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኘ ጥቁር ሮቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ 24 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከ70 ሊትር ይልቅ 58 ሊትር ሙቅ ይበቃል። በኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ ግን በተቃራኒው ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚወድ ሰው አንድ እፍኝ በድስት አፍልቶ፣ አጥልሎ ይጨምር፤ ቅጠሉ ራሱ ከገባ መውረጃውን ይደፍናል። ቆይታው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን፣ ሲነሡም ቀስ ብለው፤ ሙቀት የደም ግፊትን ስለሚያወርድ ራስ ያዞራል። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይለይ ስለሚችል ውሃውን በክርኑ ወይም በቴርሞሜትር ይለካ።

መውረጃውን ከመቅበርዎ በፊት ደግሞ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ያስቡ። በሳምንት ሦስት ጊዜ 150 ሊትር ሲፈስበት ቶሎ ይሞላል፣ የመምጠጫ መኪና ወረፋም አለ። የገንዳው ቧንቧ ለብቻው ወደ ጓሮ ቢወጣ፣ ጨው እስካልገባበት ድረስ ለጌሾውና ለዛፉ ይሆናል።