ለሮታቬተር የትኛው የማርሽ ዘይት? ጅማ ላይ የሚሸጡት ሲመዘኑ

ጅማ ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የካምቢዮ ዘይት» ያለ ሰው ባንኮኒው ላይ ከሦስት አንዱ ይቀመጥለታል፦ 90 ቁጥር፣ 140 ቁጥር፣ ወይም ለትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ በአንድነት የሚያገለግለው ቀጭን ዘይት። «ለሮታቬተር ነው» (ከትራክተር ጀርባ ተገጥሞ በሚዞሩ ቢላዎች አፈር የሚፈጨው ማሽን) ሲባል መልሱ እንደ ሻጩ ይለያያል። እዚህ የምንመዝነው እነዚህን ሦስቱንና አራተኛውን፣ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠውን ነው። ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር፦ ማሸጊያው ያልተነካ 80ደብሊው-90 (90 ቁጥር የሚባለው)፣ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል የማርሽ ዘይት ደረጃ የተጻፈበት ተራ ዘይት ለጅማ አየር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚወጣው ብር ለ«ኦይል ሲል»፣ ማለትም ዘይት እንዳይፈስ በዘንጉ ዙሪያ ለሚገባው የጎማ ማሸጊያ፣ ቢውል ይሻላል።

ሮታቬተር ዘይቱን ክፉኛ ያሠራዋል። ከትራክተሩ ፒቲኦ (ከኋላው ለማሽን ኃይል ከሚሰጠው ዘንግ) በደቂቃ 540 ዙር የሚመጣው ኃይል መጀመሪያ ላይኛው ካምቢዮ ውስጥ በኮሮናና ፒኞን (በትልቁና በትንሹ ማርሽ) ወደ ጎን ይታጠፋል። ከዚያ በዳር ሳጥኑ በኩል በማርሽ ወይም በሰንሰለት ወርዶ ቢላዎቹ የታሰሩበትን ዘንግ ያዞራል። የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች የሚገናኙት እየተሻሹ ነው። ቢላው የባሕር ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ሲመታ ምቱ ተመልሶ ጥርሱ ላይ ያርፋል፤ በዚያች ቅጽበት በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ይበጠሳል። ያኔ ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚያደርገው ዘይቱ ውስጥ የተጨመረው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋህዶ ስስ ልባስ ይሠራል። ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሚለያዩትም በዋናነት በዚህ ቅመም ብዛት ነው፤ አምስቱ ከአራቱ ይበልጣል። አዲስ የማርሽ ዘይት ሲከፈት የሚሸተው ከበድ ያለ የክብሪት ዓይነት ሽታም ከዚሁ የመጣ ነው እንጂ ዘይቱ ተበላሽቶ አይደለም።

ወደ 90 ቁጥሩ እንምጣ። ከ40 ቁጥር የሞተር ዘይት በእጥፍ የወፈረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ የማርሽና የሞተር ዘይት የሚለኩት በየራሳቸው መስፈርት ነው። ኤስኤኢ (የዘይት ቁጥሮቹን መስፈርት የሚያወጣው ማኅበር) 90 የሚለው የማርሽ ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ውፍረቱ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ነው፤ ይህ ደግሞ 40 እና 50 ቁጥር የሞተር ዘይት አካባቢ ይወድቃል። «እንግዲያው የሞተር ዘይት ለምን አይሆንም?» ለሚል፣ ውፍረቱስ ይሆናል፤ የሚጎድለው ለማርሽ ጥርስ የተሠራው ቅመም ነው። የሞተር ዘይት የተሞላ ካምቢዮ ወዲያው አይሰበርም፤ ጥርሱ ቀስ እያለ ይቦረቦራል፣ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ባለቤቱም ጥፋቱ የኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) መስሎት እሱን ይቀይራል።

ከፊት ያለው «80ደብሊው» የሚነግረን ዘይቱ ዜሮን በ26 ዲግሪ የወረደ ብርድ ላይም እንደሚፈስ ነው። «75ደብሊው» እስከ ዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይሄዳል። ጅማ ላይ ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ ምን ይሠራል? ሲንተቲኩ 75ደብሊው-90 ጥሩ ዘይት ነው፤ ግን ለዘመናዊ መኪና ዲፈረንሻል የተሠራ ነው፣ ሮታቬተር ውስጥም በየዓመቱ ከጭቃና ከውሃ ጋር አብሮ ይደፋል። በኛ ሚዛን ገንዘብ ማባከን ነው።

140 ቁጥሩ (ብዙ ጊዜ 85ደብሊው-140) በ100 ዲግሪ ከ24 እስከ 32.5 ሴንቲስቶክ ይደርሳል። ቆላ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ማሽን ተገቢ ነው፤ መመሪያው 140 ካለም ክርክር የለውም፣ 140 ይሞላል። መመሪያው 90 ብሎ ሳለ «ወፍራም ስለሆነ አይፈስም» ተብሎ የሚገዛበት ምክንያት ግን ደካማ ነው። ያለቀ ኦይል ሲል 140ንም ያፈሳል፣ ትንሽ ዘግይቶ ብቻ። በጅማ ጠዋት ቅዝቃዜ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ኩሽኔታ ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ በማርሾቹ ሲማሰልም ኃይል ይበላል፣ ካምቢዮውን ያሞቃል።

ሦስተኛው፣ ለካምቢዮ፣ ለሃይድሮሊክና በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሬን አንድ ላይ የተዘጋጀው የትራክተር ዘይት፣ ቦታው ትራክተሩ ውስጥ ነው። ከ90 ቁጥር ይቀጥናል፣ የማርሽ ቅመሙም ያነሰ ነው። «ከትራክተሩ ተርፏል» ተብሎ ሮታቬተር ላይ ሲሞላ መጀመሪያ የሚታየው በፒኞኑ ኦይል ሲል በኩል መንጠባጠቡ ነው።

ከበርሜል የሚቀዳውን አንመክርም፤ ምክንያቱ የሻጩ ታማኝነት አይደለም። ደጅ የቆመ በርሜል ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ማታ ሲበርድ ይስባል። ክዳኑ ላይ የዝናብ ውሃ ተኝቶ ከሆነ የሚስበው ውሃውን ነው። ዝናቡ ወራት በሚቀጥልበት በጅማ ይህ በየማታው ይደጋገማል። መቅጃው ለሁሉም ዘይት አንድ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ምን እንደተቀላቀለ ማወቅ አይቻልም። የግድ ከሆነ ጥቂቱን በብርጭቆ አስቀድታችሁ በብርሃን እዩት፤ ከደፈረሰ ተዉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለጂኤል-5። በእጅ የሚገፉ አንዳንድ ትንንሽ የማረሻ ማሽኖች ውስጥ ያለው ማርሽ የነሐስ ነው፤ የጂኤል-5 ጠንካራ ቅመም ነሐስ ሊበላ ይችላል። ለእነዚያ ጂኤል-4 ወይም መመሪያቸው የሚለውን ብቻ ግዙ። በትራክተር ላይ የሚገጠመው ሮታቬተር ኮሮናና ፒኞን ብረት ስለሆነ ይህ አያሰጋውም።

ስንት ይገዛ? ላይኛው ካምቢዮና የዳር ሳጥኑ የሚይዙት እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ ትክክለኛው መጠን መመሪያው ላይ አለ፣ የመጨረሻው ዳኛም የልክ ቡሎኑ፣ ዘይቱ የሚደርስበትን ከፍታ የሚያሳየው፣ ነው። አዲስ ማሽን በመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት ውስጥ ዘይቱ ይቀየራል፤ ጥርሶቹ ሲላመዱ የሚረግፈው ደቃቅ ብረት መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ በየ300 እስከ 500 ሰዓት ወይም በዓመት አንዴ፣ የቀደመው። ሰዓት ለማይቆጥር ሰው በመሬት ማስላት ይቻላል፦ 1.6 ሜትር ስፋት ያለው ሮታቬተር በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በወረቀት ላይ 0.48 ሄክታር ይሠራል፤ መዞሪያውና መደራረቡ ሲቀነስ 0.35 ወይም 0.4 ይቀራል። ስለዚህ 100 ሄክታር፣ ማለትም 400 ጥማድ ገደማ፣ ከ250 እስከ 285 ሰዓት ነው። ከሰርቦ እስከ አሰንዳቦ በኪራይ የሚዞር ማሽን ይህን በአንድ የእርሻ ወቅት ሊጨርስ ይችላል፤ መጋቢት ላይ የተሞላው ዘይት እስከሚቀጥለው መጋቢት ይቆያል ብሎ መተማመን አይገባም።

አቀያየሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመጀመሪያው ነው። ማሽኑ ለጥ ባለ መሬት ላይ ወርዶ መቀመጥ አለበት። በሃይድሮሊክ ከፍ ብሎ አፍንጫው ዘንበል ያለ ሮታቬተር የልክ ቡሎኑ የሚያሳየው ውሸት ነው፤ ከሥሩ ለሚገባ ሰውም ሞት ነው። ከፍ ማድረግ የግድ ካስፈለገ ወፍራም ግንድ ወይም የብረት ድጋፍ ይግባበት፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል። አስቀድሞ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛው ደለሉን ሥር ላይ ትቶት ይሄዳል።

መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ክዳን ነው፣ ከዚያ የታችኛው ማፍሰሻ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፦ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው ክዳን ዝጎ አልፈታ ቢል ማሽኑ ባዶውን ይቀራል። ክዳኑ ዙሪያ ያለው ጭቃ ከመፈታቱ በፊት በናፍጣና በብሩሽ ይጠረግ። ግማሽ ሰዓት ይንጠብጠብ። የኋላ ክዳኑ ውስጥ ፍጥነት ለመቀየር ቦታ የሚለዋወጡ ሁለት ማርሾች ያሉት ሞዴል ከሆነ ክዳኑን መክፈቻ ጊዜው አሁን ነው፤ ጋስኬቱ ግን መቀየር አለበት፣ አሮጌው ሁለተኛ አያሽግም።

ከዚያ የዳር ሳጥኑ። ይህን የሚረሳው ባለሙያ ነኝ የሚለውም ጭምር ነው። ዘይቱ ከላይኛው ካምቢዮ ጋር የማይገናኝ፣ የራሱ መሙያ፣ ልክና ማፍሰሻ ያለው ሳጥን ነው፤ ከመሬት የሚቀርበውም፣ ጭቃና ውሃ የሚበዛበትም እሱ ነው። ጋራዥ ስትወስዱ «ሁለቱም ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የወጣውንም ዘይት በሁለት ዕቃ አሳዩኝ በሉ። የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ኩሽኔታ በግሪስ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ እሱና የፒቲኦ ዘንጉ ክሮቸራ (መስቀል መሳይ መጋጠሚያው) በየ8 ሰዓቱ ግሪስ ይፈልጋሉ፣ ከዘይቱ ጋር ግንኙነት የላቸውም።

የወጣውን ዘይት ነጭ ዕቃ ላይ እዩት። ወተት የተቀላቀለ ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፦ ወይ በትንፋሹ (በመሙያው ክዳን ላይ ባለው የአየር ቀዳዳ)፣ ወይ በኦይል ሲሉ፣ ወይ ማሽኑ በውሃ ግፊት ሲታጠብ። በማፍሰሻ ቡሎኑ ማግኔት ላይ የተለጠፈ ጥቁር ሊጥ መሳይ ደቃቅ የተለመደ ነው፤ በጣት ሲነካ የሚቆረቁር ስባሪ ካለ የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ነው፣ ሳይከፈት አዲስ ዘይት መሙላት ከንቱ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ዘይቱ ጎድሎ ወይም ከልክ በላይ ሞልቶ ሞቋል። ውሃ የገባበትን በናፍጣ ማጠብ ልማድ ሆኗል፤ ናፍጣው በጥጋጥጉ ቀርቶ አዲሱን ያቀጥናል። በግማሽ ሊትር በዚያው ዓይነት ዘይት ዘንጉን በእጅ አዙሮ ማፍሰስ ይበልጣል።

ማፍሰሻው አዲስ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዋሸር ተደርጎለት ይጠበቅ፤ በረጅም ቧንቧ ማጥበቅ የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ሲሞላ በዝግታ፣ ከልክ ቡሎኑ ቀዳዳ መንጠብጠብ እስኪጀምር። አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፣ ወፍራም ዘይት ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋልና። «ይጨመርበት፣ አይጎዳም» የሚለው ስህተት ነው፦ ትርፉ ዘይት በማርሾቹ ይማሰላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ሲሞቅ ግፊት ፈጥሮ ኦይል ሲሉን ይገፋል።

ትንፋሹም እንዲሁ። ከመሙያው ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነች ካምቢዮው ሲሞቅ የሚተነፍስበት የለውም፤ አዲስ ኦይል ሲል ገብቶ በሳምንቱ የሚያፈስበት የተለመደ ምክንያት ይኸው ነው። በቀጭን ሽቦና በናፍጣ መጥረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው ምክንያት ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ሣር፣ ገመድ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ክር ነው፤ ወደ ሲሉ ገብቶ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። በየማታው በቢላዋ መቁረጥ ነው።

ኦይል ሲል ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 35-72-10፣ የዘንጉ ውፍረት፣ የውጭ ስፋቱና የራሱ ውፍረት በሚሊ ሜትር ናቸው። ሲገጠም ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዙር፤ ከንፈሩ ግሪስ ይቀባ፤ የዘንጉ ጥርስ እንዳይቀደው ፌስታል ይጠቅለልበት። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲል ከአሮጌው ቦታ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ቦታው ከፈቀደ።

ሱቅ ላይ ስለ ማሸጊያው የምንለው አጭር ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ፎይል ያልተነካ፣ የክዳኑ ቀለበት ያልተሰበረ፣ ቁጥሩና ጂኤል የሚለው ደረጃ በግልጽ የታተመ ይሁን። «የማርሽ ዘይት» ብቻ የሚል፣ ደረጃ የሌለው ጀሪካን ርካሽም ቢሆን አይገዛም። ለታሸገው 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ከ10 ዘጠኝ እንሰጣለን፤ አንዱን የቀነስነው መሙያ ጉሮሮው አጭር በሆነ ጀሪካን ስለሚመጣና ያለ ማንቆርቆሪያ ጎማ የዳር ሳጥኑን መሙላት ስለሚያስቸግር ነው። ለ140ው፣ መመሪያው ካላዘዘ በቀር፣ ስድስት። ለትራክተር ዘይቱ ሮታቬተር ውስጥ ሁለት።

የወጣው አሮጌ ዘይት ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ላይ አይደፋ። በአጥር እንጨት ላይ ለምስጥ የሚቀቡት አሉ። ለዚያም ቢሆን በቢጫ የምግብ ዘይት ጀሪካን አታስቀምጡት፤ ልጅ የትኛው የወጥ፣ የትኛው የካምቢዮ እንደሆነ አያውቅም።