የሄርድዊክ በግ፦ ለቅቅል የሚሆን የእንግሊዝ ሥጋ

«የእንግሊዝ በግ ጣዕም የለውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሄርድዊክ ቀምሶ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከምብሪያ ውስጥ፣ የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ላይ የሚረባ የጥንት ዝርያ ነው። እዚያው አካባቢ ካለ አነስተኛ ሥጋ ቤት ነው የማዝዘው። ከሱፐርማርኬት በግ ጋር ከተለያየን ቆየን።

ስታዝዙ ግልገሉን ተዉትና ዓመት ያለፈውን ጠይቁ። «ሆጌት» ይሉታል። ሄርድዊክ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ጣዕሙ የሚመጣው ያኔ ነው። እኔ ወርቹን ከነአጥንቱ እወስዳለሁ። ሥጋው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ስቡ ነጭ ነው። አረፋውን ገፍፌ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ትንሽ እርድ እጨምርና እሳቱን ቀንሼ እተወዋለሁ። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይገባል። ሲበስል ከአጥንቱ ይላቀቃል እንጂ አይፈራርስም። መረቁ ከንፈር ያጣብቃል!

የመንዝ በግ ለሚያውቅ ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ይኸኛውም የብርድ አገር በግ ነው፣ ፀጉሩም ሻካራ ነው። ላት ግን የለውም። ስለዚህ ለአልጫ ስሠራው ቅቤ ጨመር አደርጋለሁ።

እንስሳው ራሱ ደስ ይላል። ጥቁር ሆኖ ይወለዳል፣ ሲያድግ ፀጉሩ ይሸብታል፣ ፊቱ ይነጣል። ተራራው ላይ ሰፊው ግጦሽ አጥር የለውም። እናቲቱ መሰማሪያዋን ታውቃለች፣ ግልገሏም ሥር ሥሯ እያለች ትለምደዋለች። በ2001 እ.ኤ.አ. አፍተግር ገብቶ ብዙ መንጋ ሲወገድ ገበሬውን ያስጨነቀው ይህ ነው። ሌላ በግ ገዝቶ ቢያመጣስ ተራራውን ማን ያስተምርለታል?

ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሌክላንድ ሄርድዊክ» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። በዚህ ስም የሚሸጠው ከምብሪያ የተወለደ፣ እዚያው ያደገና የታረደ መሆን አለበት። ስትገዙ ስሙን እዩ።

ዋጋው ወደድ ይላል፤ አልደብቃችሁም። ወርቹ ለጥብስ አይሆንም፣ ይጠነክራል። ለጥብስ ሽንጡን ውሰዱ። አንዴ ደግሞ ተቆራርጦ ይላክልኝ ብዬ ድፍኑን ላኩልኝ። እንዲህ ያለ አጥንት በቤት ቢላ አይሞከርም። ከማዘዛችሁ በፊት ደውሉና «ለወጥ ነው፣ ከነአጥንቱ በመጋዝ አነስ አነስ አድርጋችሁ ቁረጡልኝ» በሏቸው።