ከቫራናሲ የገዛኋት ባለ 108 ስም መጽሐፍ

በህንዷ ቫራናሲ ከተማ ውስጥ፣ ከቪሽዋናት ቤተ መቅደስ አጠገብ ካለው ጠባብ መተላለፊያ፣ መቁጠሪያ ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነው በ40 ሩፒ የገዛኋት። መዳፍ የምታክል ናት፤ የሂንዱዎቹን አምላክ የሺቫን 108 የውዳሴ ስሞች በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ጽፋ የእንግሊዝኛ ትርጉማቸውን ጎን ለጎን አስቀምጣለች። መቁጠሪያውም 108 ፍሬ ስላለው ለየፍሬው አንድ ስም ይደርሰዋል።

ወረቀቷ ሳስቶ ቀለሙን ወደ ጀርባ ያሳልፋል፤ እሱስ ይሁን። ያናደደኝ ትርጉሙ ነው። አሳታሚው ብዙውን ስም «ጌታ»፣ «ቸር»፣ «ኃያል» እያለ ዘሎታል። ደግሞ አንዱን ስም «ኦም ሻሺሼካራያ ናማህ» ይለዋል («ኦም» የጸሎት መክፈቻ ድምፅ ናት)፤ መዝገበ ቃላት ባገላብጥ «ሻሺሼካራያ» የሚባል ቃል የለም። ለካ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ያ» የእኛ «ለ» ናት፦ «ለሻሺሼካራ ስግደት ይገባል»። ይህን የሚነግር አንድ መስመር መግቢያው ላይ ቢኖር ሁለት ሌሊት ባልባከነብኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። «ተቀመጥ፣ ቤታ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። መጽሐፏ «ጨረቃን የደፋ» ብላ ያለፈችውን ይህንኑ ስም፣ ሻሺሼካራን፣ ፈታተው አሳዩኝ። «ሻሻ» ጥንቸል፣ «ሻሺን» ባለ ጥንቸል። ጨረቃ ላይ የሚታየው ጥላ ለእነሱ ጥንቸል ነው፤ ስለዚህ ጨረቃን ባለ ጥንቸሏ ይሏታል። «ሼካራ» ራስ ላይ የሚደፋ ጌጥ። ያን ማታ ወንዙ ዳር ወጥቼ ሳንጋጥጥ እውነትም ጆሮዎቿ ታዩኝ።

«ባክታቫትሳላ» ደግሞ መጽሐፏ ላይ «ለአማኞቹ ቸር» ነው፣ አለቀ። «ቫትሳ» እኮ ጥጃ ነው! ላም ጥጃዋን ስትልስ የሚታየው ፍቅር ነው ስም የሆነው። ከብት ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን «ቸር» ብሎ አይገላገለውም።

አገጣጠሙ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «እጀ ሰባራ» ስንል እጁን ጠርተን ሰውየውን ማለታችን አይደል? «ሹላፓኒ»ም እንዲሁ ነው፤ «ሹላ» ጦር፣ «ፓኒ» እጅ፣ ጦር በእጁ የሆነ። እነሱ ብቻ እጁን ወደ ኋላ ያመጡታል።

የምትገዙ ካላችሁ የማይገቧችሁን ስሞች አስምሩባቸውና ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ያንቀላፋሉ።