የጓሮ ዓሣ ገንዳ ማጣሪያ በሐዋሳ፦ ከአራት ወር አገልግሎት በኋላ

በሐዋሳ አቶቴ አካባቢ በሚገኘው ግቢዬ 2,400 ሊትር ለሚይዝ የሲሚንቶ ገንዳ ማጣሪያ የሠሩልኝ በከተማዋ የአኳሪየም ዕቃ የሚሸጡና የሚገጥሙ ባለሙያዎች ናቸው። ለዕቃና ለሥራ 18,000 ብር ከፍያለሁ። ማጣሪያውን በማሠራቴ አልተጸጸትሁም፤ ስለ ፓምፑና ዓሣ ስለሚገባበት ጊዜ የሰጡኝን ምክር ግን እንዳለ መቀበል አልነበረብኝም።

ማጣሪያው 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ሲሆን፣ ውኃው ከታች ገብቶ በመጀመሪያ በሻካራ ስፖንጅ፣ ቀጥሎም ቀዳዳ በበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ቀስ ብሎ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ከውጭ የሚመጣውን ውድ የሸክላ ቀለበት ሊሸጡልኝ ሲችሉ በስምጥ ሸለቆ እንደ ልብ የሚገኘውን ድንጋይ መምረጣቸው አስደስቶኛል፤ የዓሣውን ቆሻሻ መርዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት የሚጣበቁበት ሰፊ ገጽና ኦክስጅን ያለው ውኃ እንጂ የዕቃውን አገር አይጠይቁም። ክሎሪን ባክቴሪያ ስለሚገድል ስፖንጁን ከቧንቧ ሳይሆን ከገንዳው በቀዳሁት ውኃ እንዳጥብ ማሳሰባቸውም ሥራቸውን እንደሚያውቁ ያሳያል።

ፓምፑ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ካርቶኑ በሰዓት 3,000 ሊትር ይላል። ይህ ቁጥር ውኃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚገፋው መጠን መሆኑን፣ እስከ በርሜሉ ለማድረስ ከፍታውና የቧንቧው እጥፋት እንደሚቀንሱት አልነገሩኝም። በ20 ሊትር ባልዲ ስለካው ለመሙላት 48 ሰከንድ ፈጀ፤ ይኸውም በሰዓት 1,500 ሊትር፣ የተጻፈው እኩሌታ ማለት ነው። የገንዳው ውኃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ መዞር እንዳለበት ሲታሰብ መጠኑ በቂ ቢሆንም፣ ስፖንጁ ሲደፈን የሚተርፍ ኃይል የለውም።

ከሁሉ የከፋው «ዛሬውኑ ዓሣ ማስገባት ትችላለህ» መባሌ ነበር። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ይህንንም መርዛማ ናይትራይት ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ለመባዛት ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ካስገባኋቸው 15 የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩቶች አራቱ በሁለተኛው ሳምንት ሞቱ። የገንዳዬ ፒኤች (የውኃው የአሲድነት ወይም የአልካላይነት መለኪያ) 8.2 ነው፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ደግሞ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ ፒኤቹ ዝቅ ያለ ውኃ ባለበት አገር የሚታለፍ ስህተት እዚህ ይገድላል። ምግቡን ቀንሼ በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህሉን ውኃ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ካሳደርኩት ውኃ ጋር እየቀየርኩ የተረፉትን አሳልፌአለሁ።

መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ በበርሜሉ የቆመው ውኃ ኦክስጅኑ ስለሚያልቅ ባክቴሪያዎቹ ይጎዳሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ስጠይቃቸው አልነበራቸውም፤ ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ።