ሪፐርን የወደድኩት በኒንጃም ነው

ሪፐር የሚባለውን የሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር በ60 ዶላር ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ቀረጻውም ሚክሱም በደንብ ይሠራል፤ ስለዚያ ብዙ የምለው የለም። ልቤን የወሰደው አብሮት የሚመጣው ኒንጃም የሚባለው ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ነው፤ ተራርቀው ያሉ ሙዚቀኞች በኢንተርኔት አብረው እንዲጫወቱ ያደርጋል።

እኔ ዋሽንግተን ሆኜ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ክራር ይመታል። "ይሄን ዕቃ ግዛ፣ መዘግየት የሚባል ነገር ይቀርልሃል" የሚሉ ሻጮች አሉ። ኧረ አይቀርም! በመካከላችን ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ የሚጓዘው 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምፄ እሱ ጋ ለመድረስ ብቻ ከ55 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። መዘግየቱ ደግሞ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሲደርስ የሙዚቀኛው ምት መጎተት ይጀምራል። ታዲያ የትኛው ዕቃ ነው ይህን መንገድ የሚያሳጥረው?

ኒንጃም መዘግየቱን ጭራሽ ያረዝመዋል፤ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ዙር ያደርገዋል። ዊንአምፕ የተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ፈጣሪ የጀስቲን ፍራንክል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ነው። ቺክቺካ ስንጫወት ፍጥነቱን በደቂቃ 180 ምት፣ ዙሩን 24 ምት እናደርጋለን። አንድ ዙር 8 ሰከንድ መሆኑ ነው። እሱ የሚሰማው እኔ ባለፈው ዙር የተጫወትኩትን ነው፤ እኔም የእሱን። መዘግየቱ ልክ አንድ ዙር ስለሆነ ግን ምቱ ቦታውን አይስትም። መስመሩ ትንሽ ቢንገዳገድ እንኳ ድምፁ ለመድረስ በቂ ጊዜ አለው።

ለእኛ ሙዚቃ የተሠራ ነው የሚመስለው! ባቲ ወይም አምባሰል ይዘን አንዱን ሐረግ ስናዞረው ቅኝቱ አይለወጥም። ስለዚህ ከ8 ሰከንድ በፊት የተመታው ክራር ከአሁኑ ቤዝ ጋር አይጋጭም። ኮርድ የሚቀያይር ዘፈን ከሆነ ኮርዶቹ ዙሩ ውስጥ ተመጥነው መግባት አለባቸው።

የሚያናድደኝም አለ። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ አንድ ዙር ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቅብብሎሽ አይሞከርም። ያለ ምት የሚጀምር የትዝታ መግቢያም አይሆንም። ቺክቺካውን መጨረሻ ላይ ቀስ በቀስ ማፍጠንም አይቻልም፤ ፍጥነት የሚቀየረው ዙር ጠብቆ ነው።

"ኒንጃም እኮ ለብቻው በነፃ ይገኛል፣ ምን ያስከፍልሃል?" የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ጀማሪ በነፃው ይሞክር። እኔ ግን ስንጫወት እዚያው ቀርጬ እዚያው አስተካክላለሁ። ለዚህ 60 ዶላር ዛሬም ደግሜ እከፍላለሁ።