የቮልስ ካርቡራቶር መጠገኛ ኪት፣ ከሶማሌ ተራ የገዛሁት

የ1972 ሞዴል ቮልስ 1300 ግቢ ውስጥ እያደስኩ ነው፣ ሲሞቅ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ መዞር) አይዝም፣ ነዳጅ ስትረግጡት ደግሞ ይታነቅና ይጠፋል። ለዛ ነው ይሄን ኪት የገዛሁት፣ ጓርኒሲዮኖች (በክፍሎቹ መሃል የሚገቡ ማሸጊያዎች)፣ የቤንዚን መዝጊያ መርፌና የካርቡራቶሩ ፓምፕ ዲያፍራም (ነዳጅ ሲረገጥ ቤንዚን የሚገፋው ላስቲክ) አለው።

ዲያፍራሙ በጣም አሪፍ ነው! የድሮው ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር፣ ሲቀየር መታነቁ ወዲያው ጠፋ። ጓርኒሲዮኑ ግን ስስ ነው፣ ከካርቡራቶሩ ስር አየር ያስገባል፣ ይሄን ለማወቅ ሞተሩ ሳይግል አስነስታችሁ እዛ ጋ ትንሽ የካርቡራቶር ክሊነር ንፉበት፣ ድምፁ ከተቀየረ አየር እየገባ ነው፣ እኔ ወፈር ያለ አስቆርጬ ቀየርኩት።

ግን እባካችሁ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት የፑንቲናውን (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው የእሳት ማቋረጫ) ክፍተት 0.4 ሚሜ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሜ አድርጉና እዩት፣ ካርቡራቶር ነው የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ እዛ ነው ያለው። ካርቡራቶሩ ላይ ያለችው በኤሌክትሪክ የምትሰራ የሚኒሞ ቫልቭም ቁልፍ ስትከፍቱ ቀጭ ካላለች መብራት እየደረሳት መሆኑን እዩ፣ እሷ ሳትሰራ ሌላውን ብትቀያይሩ ሚኒሞው አይስተካከልም።

መርፌው እስካሁን ቤንዚን አላፈሰሰም። ዲያፍራሙን ለብቻው የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ግን እሱን ብቻ ግዙ።